እከክ፦ የስሙ ታሪክ እና የተባዩ ታሪክ

በአማርኛ የቆዳ በሽታ ስም ብዙ ነው። ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ችፌ፣ ፎረፎር የሚባሉት እያንዳንዳቸው በቆዳ ላይ በሚያሳዩት መልክ ይለያሉ። እከክ ግን ስሙን ያገኘው በሽታው ከሚመስለው ነገር ሳይሆን በሽተኛው ከሚያደርገው ነው። ቃሉ «አከከ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የግእዙ ግስ «ሐከከ» ነው፤ የዐረብኛውና የዕብራይስጡ ግስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» የሚለው ተረት በሽታውንና ጥፍሩን፣ መከራውንና ማስታገሻውን አጣምሮ ይዟል። ስለ መንስኤው ግን ምንም አይልም።

በዚህ ረገድ አማርኛ ብቻውን አይደለም። በጤና ተቋማት የተለመደው «ስኬቢስ» የሚለው ስያሜ የመጣው «ስካቤሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ሲሆን ትርጉሙ ማከክ ነው። የጀርመኑ «ክሬትዘ» እንዲሁ ማከክ ከሚለው የአገሩ ግስ የወጣ ነው። እንግሊዞች የእንስሳውን እከክ «ሜንጅ» ይሉታል፤ ይህም ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን መነሻው «መብላት» የሚለው ግስ ነው። ይህ የመጨረሻው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ «ጀርባዬን በላኝ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ማሳከክ ነውና። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በጥፍሩ፣ ሌላው በሚበላው ቆዳው ሰይሞታል። ሁሉም የተናገሩት ታማሚው የሚሰማውን ነው እንጂ በቆዳው ውስጥ ያለውን አይደለም።

አማርኛ አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋል። ሰውም በግም ፍየልም ግመልም ውሻም የሚይዛቸውን በአንድ ቃል ይጠራል። ፈረንሳይኛም «ጋል» ብሎ እንደዚሁ ይጠቀልላል። ጀርመንኛ ግን የሰውን «ክሬትዘ»፣ የእንስሳውን «ሮይደ» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። መጠቅለልም መለየትም የየራሱ ጥቅምና ጉዳት እንደነበረው ቀጥሎ የሚተረከው ታሪክ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ከሐኪሞች አስቀድመው በቅርብ ያወቁት ባለ መንጋዎች ናቸው። የኦሪት ሕግ የቆዳ በሽታ ያለበት እንስሳ ለመሥዋዕት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ትእዛዙ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 22 ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ካቶ በጎች በእከክ እንዳይያዙ የሚቀባ መድኃኒት አዘገጃጀት ትቶልናል። የወይራ ዘይት አተላ፣ ግብጦ የተቀቀለበት ውኃና የወይን ጠጅ አተላ በእኩል መጠን ተቀላቅሎ የተሸለተ በግ ሁለመናው ይቀባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካላበው በኋላ በባሕር ውኃ፣ ባሕር ከሌለም በጨው ውኃ ይታጠባል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ከሽልታ በኋላ መቀባቱ፣ ሁለመናን ማዳረሱ፣ መድኃኒቱ ቀናት እንዲቆይ መደረጉ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬም የበግ እከክ ሲታከም የሚጠበቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ዐረቦችም እከክ የያዘውን ግመል ቅጥራን ቀብተው ከመንጋው ይነጥሉት ነበር። ነጥሎ ማቆየት ማለት በሽታው እንደሚተላለፍ ማመን ነው። እረኛው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ አንድ የታመመ በግ በገባበት መንጋ ውስጥ ከሳምንታት በኋላ የሚሆነውን በዓይኑ ያየዋልና።

የሐኪሞቹ መንገድ ሌላ ነበር። ከጋሌን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዳ ሽፍታ ማለት በሰውነት ውስጥ የተበላሸ እርጥበት ወደ ውጭ ሲገፋ የሚፈጠር ምልክት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት እከክ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከውስጥ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ደም ማፍሰስና ማስቀመጥ ትክክለኛ ሕክምና ሲሆን፣ ቆዳውን በቅባት ማድረቅ ደግሞ ክፉውን ነገር ወደ ውስጥ መልሶ ልብን ወይም ሳንባን ያስመታል ተብሎ ይፈራ ነበር። ይህ ፍርሃት በቀላሉ የሚጠፋ አልሆነም። የሆሚዮፓቲ መሥራች ሃነማን በ1828 ባሳተመው ሥራው የአብዛኛው ሥር የሰደደ በሽታ መነሻ የታፈነ እከክ ነው ብሎ ጽፏል። ለዚህም የግሪኩን «ፕሶራ» የሚለውን ስም መርጧል።

ይሁን እንጂ ተባዩን ያዩ አልጠፉም ነበር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አሕመድ አልጠበሪ የተባለው ሐኪም በእከክ በሽተኛ ቆዳ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ሕይወት ያላት ነገር በመርፌ ጫፍ ልትወጣ እንደምትችል ጽፏል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሴቪል የኖረው ኢብን ዙህር፣ ኤውሮፓውያን አቨንዞአር የሚሉት፣ ቆዳው ሲላጥ የምትወጣና ለዓይን ጨርሳ የማትታይ ያህል ትንሽ ስለሆነች ተባይ ጠቅሷል። ሁለቱም ተባይዋን ቢገልጹም የበሽታው መንስኤ እርሷ ናት ብሎ የመደምደሙ እርምጃ ገና ይቀር ነበር።

እርምጃው የተወሰደው በ1687 በጣልያን የወደብ ከተማ በሊቮርኖ ነው። ጆቫኒ ኮዚሞ ቦኖሞ የተባለ ወጣት ሐኪምና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነገሩን አብረው መረመሩ። ምርመራው የተጀመረው በመጻሕፍት ሳይሆን ድኻ እናቶች ሲሠሩ ከሚታየው ነገር ነበር። ሴቶቹ እከክ ከያዛቸው ልጆቻቸው ቆዳ ውስጥ በመርፌ ጫፍ አንዳች ነጭ ቅንጣት እያወጡ በጥፍራቸው ያፈርጡት ነበር። በሊቮርኖ የባሪያዎች ማጎሪያ የነበሩ ሰዎችም እርስ በርሳቸው እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። ቦኖሞና ቼስቶኒ ቅንጣቱን በማይክሮስኮፕ ሥር ባስቀመጡት ጊዜ የሚንቀሳቀስ፣ እግሮች ያሉት፣ ቅርጹ ኤሊ የሚመስል ፍጡር ሆኖ አገኙት። እንቁላል ስትጥልም አዩ።

እንቁላሉ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ግኝቱ በደብዳቤ መልክ የተላከለት ፍራንቸስኮ ሬዲ፣ ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል የሚለውን እምነት በ1668 በሙከራ ያፈረሰ ሰው ነው። ተባይዋ እንቁላል የምትጥል ከሆነች ከተበላሸ ደም አልተፈጠረችም፤ ከእናቷ ተወልዳ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተሸጋግራለች ማለት ነው። ደብዳቤው ከዚህ ተነሥቶ የሚውጥ መድኃኒት ለምን እንደማይፈውስና ቅባትና መታጠቢያ ለምን እንደሚፈውሱ ያስረዳል። የአንድን በሽታ ምንነት፣ መተላለፊያና ሕክምና በአንዲት በዓይን በምትታይ መንስኤ ያያያዘ ከዚህ የቀደመ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። በ1703 ሪቻርድ ሚድ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለንደን ውስጥ እንዲታተም አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን የሕክምናው ዓለም ነገሩን ረሳው ለማለት ይቻላል።

ለመረሳቱ የስም ስሕተትም ድርሻ ነበረው። ሊኒየስ በ1758 ፍጥረታትን ሲሰይም የእከኩን ተባይና የዱቄቱን ተባይ እንደ አንድ ቆጥሮ «አካረስ ሲሮ» በሚለው ስም ሥር አኖራቸው። የስዊድኑ ደ ዬር በ1778 ለያያቸው፤ ላትሬይ በ1802 ለእከኩ ተባይ «ሳርኮፕተስ» የሚል የወገን ስም ሰጠው፤ ትርጉሙ በግሪክ «ሥጋ ቆራጭ» ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ መንስኤው በሥራው የተጠራበት የመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተለያዩት ሁለቱ ተባዮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓሪስ ውስጥ እንደገና ተደባለቁ፤ በዚህ ጊዜ ነገሩ ከስሕተትም ያለፈ ነበር።

በቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ዣን ክሪዛንት ጋሌስ በ1812 የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። ከእከክ በሽተኞች ቆዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተባዮች አውጥቻለሁ አለ፤ ሥዕላቸውንም አያይዞ አሳተመ። ዝናውም ገንዘቡም ተከተለው። ሌሎች ሐኪሞች ግን እርሱ አገኘሁበት ያለውን ውኃ የቋጠረ ብጉር እየፈነዱ ዓመታት ሲፈልጉ አንዲት ተባይ እንኳ አጡ። ከዚህ የተነሣ «ተባይ የሚባል ነገር የለም» የሚለው ወገን በረታ። ጉዳዩ እስከ ውርርድ ደረሰ። በስሙ የሚጠራውን የአዮዲን ውህድ ያዘጋጀው ሐኪም ሉጎል ተባይዋን ለሚያሳየው ሰው የገንዘብ ሽልማት እሰጣለሁ አለ። በ1829 ራስፓይ የተባለው ሳይንቲስት የጋሌስን ሥዕሎች አጥንቶ የተሣለው የእከክ ተባይ ሳይሆን የአይብ ተባይ መሆኑን አረጋገጠ። ጋሌስ ያቀረበው ማስረጃ ሐሰት ነበር፤ የተናገረው ነገር ግን እውነት ነበር። ሐሰተኛው ማስረጃ እውነቱን ለ22 ዓመታት አዘገየው።

ክርክሩን የዘጋው ፕሮፌሰር አልነበረም። ከኮርሲካ ደሴት የመጣ ሲሞን ፍራንሷ ሬኑቺ የተባለ ተማሪ፣ በአገሩ ገበሬ ሴቶች ተባይዋን በመርፌ ሲያወጡ እያየ ያደገ ነበር። በኦገስት 13 ቀን 1834 በአሊቤር የሕክምና ክፍል፣ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት፣ ከአንዲት በሽተኛ ቆዳ ተባይዋን አውጥቶ አሳየ። ምሥጢሩ ቀላል ነበር። ተባይዋ የምትገኘው ውኃ በቋጠረው ብጉር ውስጥ ሳይሆን ከዚያ ፈንጠር ብላ፣ በቆዳው ሥር በቆፈረችው ቀጭን ቦይ ጫፍ ላይ ነው። የፓሪስ ሊቃውንት ሽፍታው ጎልቶ በሚታይበት ቦታ ፈለጉ፤ የኮርሲካ እናቶች ግን ቦታውን ያውቁ ነበር። የሊቮርኖ እናቶችም ከ150 ዓመት በፊት ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የቪየናው ሄብራ በ1844 ባወጣው ሥራ በሙከራ ላይ ተመሥርቶ የተባይዋን መንስኤነት ለሐኪሞች ሁሉ አጸና።

ይህ ሁሉ ክርክር በፓሪስ ሲካሄድ ጉዳዩ በበጎች ላይ አስቀድሞ ተፈትቶ ነበር። የጀርመን መንግሥታት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጥሩ ሱፍ የሚሰጡትን የሜሪኖ በጎች በብዙ ወጪ ከስፔን አስመጥተዋል፤ በእከክ ምክንያት ሱፉ የሚረግፍ መንጋ ለመሳፍንቱም ለገበሬውም ከባድ ኪሳራ ነበር። በቩርተምበርግ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዋልዝ በ1809 ስለ በግ እከክ ምንነትና ሕክምና የሚያትት መጽሐፍ በሽቱትጋርት አሳተመ። ተባዮችን ከታመመ በግ አንሥቶ በጤናማው ላይ በማድረግ በሽታው እንዴት እንደሚጀምር ተከታተለ። ሬኑቺ መርፌውን ከማንሣቱ 25 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ጀርመንኛ ለሰውና ለእንስሳ ሁለት የተለያዩ ስሞች ስላሉት የእንስሳት ሐኪሙ ያረጋገጠውን የሰው ሐኪሙ የራሱ ጉዳይ አድርጎ አላየውም ብሎ መገመት አይከብድም። የበርሊኑ የእንስሳት ሐኪም ጌርላህ በ1857 ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ሲያጠና ርእሱን «ክሬትዘ እና ሮይደ» ብሎ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማስፈር አስፈልጎታል። በ1862 ደግሞ ፈረንሳውያኑ ደላፎንና ቡርጊኞን የሰውንና የቤት እንስሳትን እከክ የሚያነጻጽር ግዙፍ ሥራ አወጡ።

ከሽቱትጋርት የወጣ ሌላም ነገር አለ። በዚያው ከተማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ሄሪንግ በ1838 የልዩ ልዩ እንስሳትን ተባዮች መርምሮ አንድ እንዳልሆኑ አሳየ። ዛሬ የሚታወቀው ክፍፍል ከዚያ የጀመረ ነው። ሳርኮፕተስ ቆዳን ቆፍሮ ይገባል። የበግን ሱፍ የሚያረግፈው ሶሮፕተስ አይቆፍርም፤ በቆዳው ላይ ሆኖ ይወጋል፣ የሚወጣው እርጥበት ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። ኮሪዮፕተስ በአብዛኛው በእግርና በጅራት አካባቢ ይኖራል። ዴሞዴክስ ደግሞ በጸጉር ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ በከብትና በፍየል ላይ ጓጉላ እያበጀ ቆዳውን ያበላሻል። ስለ ስሙ ለሚያስብ ሰው ከሁሉም የሚደንቀው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በዴሞዴክስ የተያዘ እንስሳ ብዙውን ጊዜ አያክም። የማያሳክክ እከክ ማለት ነው።

ማሳከክ ራሱ ምን እንደሆነ በትክክል የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ኬኔት ሜላንቢ በሼፊልድ ከተማ፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አናነሣም ባሉ ፈቃደኞች ላይ ሙከራ አካሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዝ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያክ ጀመር። ስለዚህ ማሳከኩ የተባይዋ ንክሻ ሳይሆን ሰውነት ለተባይዋና ለእዳሪዋ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። በአንድ ተራ በሽተኛ ላይ የሚገኙት ተባዮች ቁጥርም ከ10 እስከ 15 ያህል ብቻ መሆኑ ታወቀ። ጦሩ ብርድ ልብስ በማፍላትና በማጠን ብዙ ገንዘብና ጉልበት ያጠፋ ነበር፤ ሜላንቢ ግን በሽተኞች በተጠቀሙበት ብርድ ልብስ የተኙት ፈቃደኞች የተያዙት እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑን አሳየ። ዋናው መተላለፊያ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ለጤና ባለሙያ ጠቃሚ እውነት ወጣ፤ ገና ያላከከ የቤተሰብ አባል ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስሙ ግን የሚያክከውን ብቻ ይጠራል።

በተቃራኒው ብዙ ሺህ ተባይ ይዞ እምብዛም የማያክ በሽተኛም አለ። ዳኒየልሰንና ቡክ በ1848 በኖርዌይ በሥጋ ደዌ በሽተኞች ላይ ወፍራም ቅርፊት የሠራ እከክ ገለጹ፤ ሄብራም በ1862 «የኖርዌይ እከክ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ከአገሩ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው ዛሬ «ቅርፊታም እከክ» የሚለው ተመራጭ ሆኗል። የሰውነት መከላከያቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ፣ በኤችአይቪ የተያዙትን ጨምሮ፣ ይታያል።

የእንስሳው እከክ ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ በኋላም አልተዘጋም። ቤልጅማዊው ፋን ከ1968 ጀምሮ ባካሄዳቸው ጥናቶች በሰውና በእንስሳት ላይ የሚገኙት ሳርኮፕተሶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አንድ ዝርያ ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በሰሜን አውስትራሊያ የነባር ሕዝቦች መንደሮች የሰው እከክ እጅግ ተስፋፍቶ ስለነበርና ውሾቹም እከካም ስለነበሩ፣ ውሾቹን ማከም ሰውን ለማዳን ይረዳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1999 ዋልተንና ባልደረቦቿ ያወጡት የዘረ መል ጥናት ግን በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የውሻው ተባይና የሰው ተባይ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ። ሕዝቡን ያሳከከው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነበር። ለውሻው ማዘን ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የሕፃናቱ መድኃኒት ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ይህም ሲባል የእንስሳው ተባይ ሰውን አይነካም ማለት አይደለም። የግመል ሳርኮፕተስ በግመል ጠባቂዎችና አላቢዎች ጣትና ክንድ፣ በሚጋልቡት ላይ ደግሞ በጭን መካከል ሽፍታ እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። ማሳከኩ ፈጥኖ ይጀምራል፤ ቦይ ግን አይታይም፤ ተባይዋ በሰው ቆዳ ላይ መራባት ስለማትችል ንክኪው ሲቋረጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከብት፣ ግመል ወይም ውሻ እንዳለው ያልተጠየቀ በሽተኛ ደጋግሞ ሲታከም፣ ግመሉ ደግሞ ሳይታከም ሊቀር ይችላል።

በኢትዮጵያ ቃሉ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይዟል። የደጋ በግ ቆዳ ለእጅ ጓንትና ለልብስ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ ከ1990ዎቹ ወዲህ በፋብሪካዎች ብዙ ቆዳ በደረጃው እየወረደ መጣል ጀመረ። ጸጉሩ ከተነሣ በኋላ ብቅ የሚሉትን ጥቃቅን ጉብታዎች ቆዳ መራጮቹ «እከክ» አሏቸው። ስያሜው እንዳለ በላቲን ፊደል ተጽፎ ወደ ዓለም አቀፍ የሙያ ጽሑፎች ገብቷል። ጥናቶች ግን የዚህ ጉዳት ዋነኛ ምክንያት ክንፍ የሌላት ደም መጣጯ የበግ ዝንብና የበግ ቅማል መሆናቸውን፣ ጉብታውም ቆዳው ለእነርሱ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ መሆኑን አመልክተዋል። ገበሬው በግቢው እከክ የሚለውና ፋብሪካው በጠረጴዛው ላይ እከክ የሚለው በብዙ አጋጣሚ አንድ አይደሉም። ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒትና የመርጨት መርሐ ግብር ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ የፋብሪካውን እከክ ሰምቶ የተቆፈረ ቆዳ የሚፈልግ ሐኪም ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሰው እከክም በዚያው አገር በ2015 እና 2016 በኤልኒኞ ድርቅ ወቅት በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። በአማራ ክልል በ68 ወረዳዎች ከተመረመሩት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መካከል 379,000 ያህሉ እከክ ተገኘባቸው። ውኃ ሲጠፋ፣ ቤተሰብ ሲፈናቀልና በአንድ ጎጆ ብዙ ሰው ሲተኛ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ይበዛል፤ ልጆቹ ከእንስሳቱ ጋር ማደራቸው የዓይንን ትኩረት ቢስብም መንገዱ ያ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እከክን ትኩረት ካላገኙ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ጨመረ፤ በ2019 ደግሞ አይቨርሜክቲንን ለእከክ መሠረታዊ መድኃኒት አድርጎ መዘገበ።

አይቨርሜክቲን ራሱ የመጣው በእንስሳት በር ነው። ኦሙራ በጃፓን ከአፈር ካገኘው ባክቴሪያ በካምቤልና በባልደረቦቹ የተሠራ ሲሆን በ1981 ለእንስሳት ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1987 ለሰው ኦንኮሰርካያሲስ ተፈቀደ፤ ሁለቱ ሊቃውንት በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የመድኃኒቱ ስም ለበጉም ለልጁም አንድ ሆኖ መጠኑና አዘገጃጀቱ ግን የተለያየ ነው። በ2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለፈረስና ለከብት የተዘጋጀውን የሚወስዱ ሰዎችን በይፋ እስከ ማስጠንቀቅ ደርሶ ነበር። ለበግ ማጥመቂያና መርጫ የሚያገለግሉት እንደ ዳያዚኖን ያሉ ኦርጋኖፎስፌቶች በሕፃን ቆዳ ላይ ቢደረጉ የሚያስከትሉት ደግሞ መመረዝ ነው፤ በሽታው «ያው እከክ» ነው ብሎ የበጉን ጠርሙስ ወደ ቤት የሚያስገባ እጅ እንዳይኖር በጤና ጣቢያው ቢጠየቅ አይከፋም።

በእንስሳት ክሊኒክ ጥያቄው የሚፈታው በቀላል መንገድ ነው። ቁስሉ ከጤነኛው ቆዳ በሚዋሰንበት ዳር፣ የደም ጠብታ እስኪታይ ድረስ በምላጭ ይፋቃል። ፍቅፋቂው 10 በመቶ በሆነ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቅርፊቱ እስኪሟሟ ይቀመጥና በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርማሪው የሚመለከተው እግሮቹን ነው። የመምጠጫው ዘንግ ረጅምና ያልተገጣጠመ ከሆነ ሳርኮፕተስ ነው፤ ረጅምና ሦስት መገጣጠሚያ ያለው ከሆነ ሶሮፕተስ፤ አጭር ከሆነ ኮሪዮፕተስ፤ ሰውነቱ እንደ ሲጋራ የረዘመና እግሮቹ የደነጎሉ ከሆነ ዴሞዴክስ። ስምንት እግር ሳይሆን ስድስት እግር ያለው ቅማል ከተገኘ በካርዱ ላይ «እከክ» ተብሎ የተጻፈው ይሰረዛል።